አጋዘኑን ማን አየው?

ዛሬ ራቅ ካለ አገር አንድ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና የሚያፈላ ካለ ያፍላ።

ባለፈው ኅዳር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ዊስኮንሲን በምትባል ግዛት፣ አንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ባለ ነዳጅ ማደያ ነው የሚሠራው። «ቲቸር፣ አንድ የታሪክ ጥያቄ አለኝ» አለኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለ አንድም ቀን እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ! እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማደያው ጀርባ የዛገ የብረት ማንጠልጠያ ቆሟል። ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፣ መሀሉ ላይ መንጠቆ። ልጁ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ቡና ሊገዙ የገቡ ሽማግሌ በመስኮት አሻግረው እያዩ «እዚያ ጋ ነበር አጋዘን የሚመዘነው» አሉት። በአደን መክፈቻ ቀን ግቢው በመኪና ይሞላ እንደነበር፣ እሳቸውም በልጅነታቸው የአባታቸውን እጅ ይዘው ይመጡ እንደነበር ነገሩት። «አሁን ሁሉም ስልኩን ነካ ነካ ያደርግና ወደ ቤቱ ይገባል» ብለው ወጡ።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። አጋዘን በስልክ መመዝገቡ ምኑ ያስለቅሳል?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ እንጃ አልኩት። ከዚያ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ። የደረስኩበትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

*

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው የድኩላ ዘመድ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረውን የደጋ አጋዘንም ታውቁታላችሁ። የእነዚህ ቀንድ አንዴ ከበቀለ አይወልቅም። የአሜሪካኑ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። የወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረጋል፣ በየዓመቱ ይወልቅና እንደገና ይበቅላል። ሲደነግጥ ጅራቱን ያነሳል፣ ከሥሩ ነጭ ነው፤ ለዚህ ነው «ባለ ነጭ ጅራት» የሚሉት። ያ ቤተሰብ በእኛ አገር ዱር የለም። እኔም ሌላ ስም ስላጣሁ አጋዘን እያልኩ እቀጥላለሁ። የባዮሎጂ መምህራን ጓደኞቼ ይቅር በሉኝ።

ይህ አጋዘን ሊጠፋ ተቃርቦ የተመለሰ እንስሳ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ማደን እንደ ማንኛውም ንግድ ነበር። ሥጋውና ቆዳው በባቡር ተጭኖ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል፣ በገበያ ይሸጣል። ጫካውም ለእርሻና ለጣውላ ተመነጠረ። በ1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀረው ቢበዛ ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደነበር ይገመታል። ዛሬ ግምቱ ወደ 30 ሚሊዮን ነው።

ከዚያ ወደዚህ የተደረሰው በሕግ ነው። ዊስኮንሲን በ1851 ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን የማይታደንበትን ወቅት ወሰነች። በ1897 የአደን ፈቃድ በአንድ ዶላር መሸጥ ጀመረች፣ አንድ አዳኝ በወቅቱ ከሁለት በላይ እንዳይገድልም ከለከለች። በ1900 ደግሞ ሌሲ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነን እንስሳ ከግዛት ግዛት አጓጉዞ መሸጥን ወንጀል አደረገ። በ1937 በጠመንጃና በጥይት ሽያጭ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ። ገንዘቡም ሕጉም ተገኘ። የቀረው ምን ነበር? ቁጥር።

እስኪ አስቡት። ዘንድሮ ስንት ይታደን ብሎ ለመወሰን ስንት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የጫካ አውሬ ደግሞ ከብት አይደለም፣ ማታ በረት አይገባም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ዘወርዋራ መንገድ መረጡ፤ የሞተውን ቆጥረው በሕይወት ያለውን መገመት። እንግዲህ የሞተውን በትክክል ካልቆጠርክ የቀረው ስሌት ሁሉ አሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው።

*

ቁጥር ካልታመነ ምን እንደሚመጣ ዊስኮንሲን በ1943 አይታዋለች። ይህ ታሪክ ለብቻው ትምህርት ነው።

አልዶ ሊዮፖልድ የሚባል ሰው ነበር። ተወልዶ ያደገው አዮዋ ነው፣ ሙያው የደን ባለሙያነት፣ በኋላም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት አያያዝ ፕሮፌሰር ሆነ። ዛሬ በአካባቢ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ስሙ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የዊስኮንሲን ሰሜናዊ ጫካ አጋዘን በዝቶበት ነበር። ለዓመታት ሴቷ እንዳትነካ በመከልከሉ መንጋው ተራባ። ክረምት ሲገባ ግን የሚበላው አጣ። የወጣት ዛፎችን ቅርንጫፍ አፉ እስከደረሰበት ድረስ ጨረሰ፣ በረዶው መሀል በረሃብ ማለቅ ጀመረ። ሊዮፖልድና ጓደኞቹ ሄደው በዓይናቸው አዩ። «መንጋው ካልቀነሰ ጫካውም አጋዘኑም ይጠፋል፤ ሴቷም ትታደን» አሉ።

በ1943 ተፈቀደ። በዚያ ወቅት ወደ 128 ሺህ አጋዘን ተገደለ። ሕዝቡ በቁጣ ገነፈለ! «የ43ቱ ወንጀል» የሚል ስም ወጣለት። ሊዮፖልድን የሚቃወሙ ሰዎች «የዊስኮንሲንን አጋዘን አድኑ» የሚል ጋዜጣ እስከ ማቋቋም ደረሱ። አዳኙ የፕሮፌሰሩን ቁጥር አላመነም። እንዴት ይመን? ቁጥሩ የመጣው ከቢሮ ነው፣ ሲቆጠር አላየም። እሱ የሚያውቀው የራሱን ጫካ ነው፣ እዚያ ደግሞ «አጋዘን እያለቀ ነው» ብሎ ያምናል። ሊዮፖልድ በ1948 የጎረቤት እርሻ ላይ የተነሳ እሳት ሊያጠፋ ሲረዳ ሞተ። ጠቡ ግን ቀጠለ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዊስኮንሲን እያንዳንዱ የተገደለ አጋዘን በአካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ግዴታ አደረገች። የተማሪዬ ሽማግሌ የሚናፍቁት ጣቢያ ከዚህ የመጣ ነው።

*

የጠመንጃ አደኑ ወቅት 9 ቀን ነው። የሚጀመረው በኅዳር ወር፣ ከምስጋና ቀን በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። እኛ ጥምቀትን እንደምንጠብቀው ነው የሚጠብቁት ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከ600 ሺህ የሚበልጥ ሰው ጠመንጃ ይዞ ጫካ የገባባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። አባት ከልጁ፣ አያት ከልጅ ልጁ። በስህተት እንዳይተኳኮሱ ሁሉም ደማቅ ብርቱካናማ ለብሷል።

አዳኙ አጋዘን ከገደለ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ ጎትቶ፣ ፒካፕ መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ምዝገባ ጣቢያ ይነዳል። ጣቢያው የመንግሥት ቢሮ አይደለም። ነዳጅ ማደያ ነው፣ የአደን ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው፣ መጠጥ ቤት ነው። ባለሱቁ ወይም ተቀጣሪው ወጥቶ ያያል፣ ወንድ ነው ሴት፣ ትልቅ ነው ግልገል፣ የት አካባቢ ተገደለ፣ መቼ። ይጽፋል። ከዚያ የብረት መለያ አጋዘኑ ላይ ያስራል። አንዴ ከታሰረ ያ አጋዘን ሕጋዊ ነው።

እስኪመዘገብ ድረስ ግን ሰልፍ አለ። ሰልፍ ካለ ደግሞ ወሬ አለ። የማን ይከብዳል? የማን ቀንድ ይሰፋል? ማን ስቶ ተመለሰ? ማንጠልጠያው ላይ ይሰቀላል፣ ሚዛኑ ይነበባል፣ በዙሪያው ያለው ይጮኻል። ለትልቁ ቀንድ ሽልማት የሚያዘጋጁ ሱቆች ነበሩ። ሕጻናት ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየሮጡ ያያሉ። ባለሱቁም ቡናውን፣ ሳንድዊቹን፣ ቢራውን ይሸጣል። ለትንሽ ከተማ ያ ሳምንት ገበያ ነው።

በተመረጡ ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል። የመንግሥት የዱር እንስሳት ባለሙያ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እጁ ላይ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ ይዞ። «ይቅርታ፣ አፉን ልክፈተው?» ይላል። የሚያየው ጥርስ ነው።

ይህችን የጥርስ ነገር ሳነብ በጣም ነው የወደድኳት። አጋዘን እንደ ሰው የወተት ጥርስ አለው። ከመንጋጋው ጥርሶች አንዱ፣ ሦስተኛው፣ በልጅነቱ ሦስት ጉብታ አለው። አጋዘኑ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ይወልቅና ባለ ሁለት ጉብታ ጥርስ ይተካል። ስለዚህ ባለ ሦስት ጉብታው ካለ ወይም ገና እየተተካ ከሆነ፣ ይህ አጋዘን ሁለተኛ ክረምቱን ያላለፈ ወጣት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላ ይታያል። ዘዴውን ሴቬሪንግሃውስ የተባለ የኒውዮርክ ባለሙያ በ1949 አሳተመው፤ በመላ አሜሪካም ተስፋፋ። ትንሽ ከሠለጠንክ አንድ አጋዘን ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅብህም።

ዕድሜው ምን ያደርጋል? የሒሳብ መምህራን እዚህ ጋ ፈገግ ትላላችሁ። ከታደኑት ትልልቅ ወንዶች ስንቱ ወጣት እንደሆነ ካወቅህ፣ በየዓመቱ ከወንዶቹ ምን ያህሉ እንደሚሞት መገመት ትችላለህ። ከዚያ ስንት ወንድ እንደነበረ፣ ከወንዱ ደግሞ ስንት ሴት እንዳለ፣ ከሴቷ ስንት ግልገል እንደሚኖር እያሰላህ ትወጣለህ። ከአንድ የወተት ጥርስ ተነስተህ የአንድ ግዛት መንጋ ቁጥር ላይ ትደርሳለህ ማለት ነው። የምድብ ሥራ አድርጌ ለተማሪዎቼ ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ሊዮፖልድንና 1943ን አስታውሱ። በጣቢያው የሚቆጠረው ቁጥር አዳኙ ፊት ነው የሚወለደው። አፉን ሲከፍቱት ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። «ዘንድሮ አጋዘን የለም እኮ» ይላል። ባለሙያውም «እስካሁን እዚህ ብቻ ይህን ያህል አይተናል» ይለዋል። ላይስማሙ ይችላሉ። ስለ አጋዘን ቁጥር መጨቃጨቅ በዊስኮንሲን አንድም ዓመት ቆሞ አያውቅም። ቢሆንም ተያይተው ነው የተጨቃጨቁት።

*

የጣቢያውን ዋጋ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን በሽታ ነው።

አጋዘንን እያመነመነ የሚገድል በሽታ አለ። እንደ «እብድ ላም» በሽታ ሁሉ የሚመጣው ፕሪዮን በሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ አንጎልን እንደ ስፖንጅ ይበሳሳዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ በሚገኝ የምርምር ግቢ ነው። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት የለውም። የያዘው እንስሳ ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም። ቢሆንም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ይላል።

በ2001 ኅዳር የዊስኮንሲን አዳኞች እንደወትሯቸው አጋዘናቸውን ወደ ጣቢያ አመጡ። ባለሙያዎች ከአንዳንዶቹ ናሙና ወሰዱ። በ2002 የካቲት ውጤቱ መጣ። ማውንት ሆሬብ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ የተገደሉ ሦስት አጋዘኖች በሽታው ተገኘባቸው። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ በሽታው ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ሦስቱም ጤነኛ መስለው የታደኑ ናቸው። አዳኞቹ ለገበታ ነው ያመጧቸው። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቦታ የሚቆምበት፣ ያ ሁሉ አጋዘን በአንድ ቦታ የሚያልፍበት ጣቢያ ባይኖር ኖሮ መቼ ይታወቅ ነበር? በዚያው ዓመት ግዛቲቱ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ አጋዘን መረመረች። ይህም የተቻለው የት መቆም እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ነው።

*

ታዲያ ለምን ቀረ?

እዚህ ጋ ፍትሐዊ ልሁን። የሽማግሌውን ትዝታ ብቻ ይዤ ብፈርድ ታሪክ አስተማሪ አይደለሁም።

ጣቢያው ችግር ነበረው። አዳኙ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ፣ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ውሎ፣ አጋዘን ጎትቶ ደክሞ፣ እንደገና ጣቢያ ፍለጋ መንዳት አለበት። ሱቁ ሊዘጋ ይችላል። ወረቀቱ በእጅ ይጻፋል፤ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ እንደምታውቁት ነው (የእኔን ሰሌዳ ያነበበ ያውቃል)። ያ ሁሉ ወረቀት ከየሱቁ ተሰብስቦ፣ ተለይቶ፣ ተደምሮ የመጨረሻው ቁጥር እስኪወጣ ወራት ያልፋል። በ2000 ዊስኮንሲን ውስጥ በሁሉም ወቅቶች ተደምሮ ከ600 ሺህ በላይ አጋዘን ተመዝግቧል። ከ600 ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፍ ወረቀት!

ሌሎች ግዛቶች ቀድመው ሄደዋል። ሚዙሪ በ2000ዎቹ አጋማሽ ጣቢያዎቿን ትታ አዳኙ በስልክ እንዲያሳውቅ አደረገች። በዊስኮንሲን ደግሞ አዳኞች በመምሪያው ላይ ያላቸው ቅሬታ በርትቶ ነበር። አገረ ገዥው ስኮት ዎከር ጄምስ ክሮል የሚባሉ የቴክሳስ ባለሙያ ሥርዓቱን በሙሉ እንዲመረምሩ ሾሙ። በ2012 ሪፖርታቸው ወጣ። ለውጦቹም ተከተሉ። ከ2015 ጀምሮ በአካል መመዝገብ ግዴታ መሆኑ ቀረ።

አዲሱ መንገድ ቀላል ነው። አዳኙ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ይገባል፣ አጋዘኑን የት እንደገደለ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ግልገል ይሞላል፣ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል። ቀነ ገደቡ አጋዘኑን ባገኘ ማግሥት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በቃ። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሊጨርሰው ይችላል። ቁጥሩም ወራት አይጠበቅም፤ የዛሬው ዛሬ ይታያል። አንዳንድ ሱቆች ኮምፒውተር ወይም ስልክ አዘጋጅተው «እኛ ጋ መጥታችሁ ተመዝገቡ» አሉ። ግን ግዴታ ካልሆነ ማን ይመጣል? ሰልፉ ሳሳ። የተማሪዬ ማደያ መንጠቆም ዛገ።

*

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ምን ጠፋ?

አንደኛ፣ ዓይን ጠፋ። በጣቢያው አጋዘኑን ሁለተኛ ሰው ያየዋል። በስልክ ግን የሚያውቀው አዳኙ ብቻ ነው። ቢዋሽስ? ቢረሳስ? ግልገሏን «ትልቅ» ብሎ ቢሞላስ? ምንም ሳይሞላ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ቢከተውስ?

ይህን ችግር ፔንሲልቬንያ ከቆየ ልምዷ ታውቀዋለች። እዚያ አዳኙ ራሱ እንዲያሳውቅ ነው ሕጉ የሚያዘው፤ በፊት በፖስታ ካርድ፣ በኋላ በኢንተርኔትና በስልክም። የሚያሳውቀው ግን ከግማሽ በታች ነው። ታዲያ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ባለሙያዎቹ በአደን ወቅት አጋዘን የሚያርዱ ሥጋ ቤቶችን ይዞራሉ። ጥርሱን ያያሉ፣ የአዳኙን መለያ ይመዘግባሉ። ከዚያ ያዩዋቸው አጋዘኖች ሪፖርት ውስጥ አሉ ወይስ የሉም ብለው ያመሳክራሉ። ለማስረዳት ያህል ቁጥሩን እኔ ልፍጠር። ሥጋ ቤት ውስጥ 100 አዩ እንበል። ከእነሱ 40ዎቹ ብቻ ሪፖርት ተደርገዋል። እንግዲህ ከ10 አዳኝ የሚያሳውቀው 4ቱ ነው። በጠቅላላ 40 ሺህ ሪፖርት ከደረሰ፣ እውነተኛው የታደነው ወደ 100 ሺህ ይጠጋል ማለት ነው።

ልብ በሉ። ሪፖርቱን እንኳ ለማመን አንድ ሰው የሆነ ቦታ ሄዶ አጋዘኑን በዓይኑ ማየት ነበረበት። ስልኩ ዓይንን አልተካም፣ ዓይን የሚያስፈልግበትን ቦታ ነው የቀነሰው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ግን ፔንሲልቬንያ አስባበት፣ ሰው መድባለት፣ ሥጋ ቤት ድረስ ትልካለች።

ሁለተኛ፣ በሽታው። አንጎል በስልክ አይላክም። ዊስኮንሲን ጣቢያው ሲቀር አዳኙ ራሱ የአጋዘኑን ጭንቅላት ቆርጦ የሚያስቀምጥባቸው ሣጥኖች በየቦታው አኑራለች፤ ፈቃደኛ የሆነ ያስቀምጣል፣ ያልሆነ ያልፋል። ሚዙሪ ደግሞ የሚገርም ነገር አደረገች። በስልክ ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ2016 በሽታው በሚያሰጋቸው 29 ካውንቲዎች፣ በመክፈቻው ቅዳሜና እሁድ አጋዘን የገደለ ሁሉ በአካል ጣቢያ ይዞ እንዲመጣ አዘዘች። ስልኩ አልቀረም፤ ስልኩ ላይ ሰልፉ ተጨመረ። ሜይንን የመሳሰሉ ግዛቶች ደግሞ እስካሁን በአካል ካልመጣህ አይሉም ወይ? ይላሉ። እዚያ ባለሱቁ ዛሬም ወጥቶ ያያል።

ሦስተኛው ለማስረዳት ይከብዳል። የሽማግሌው እንባ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ጣቢያው በደንቡ የተሰጠው ሥራ መቁጠር ነበር። ባለሙያዎቹ መጥተው ጥርስና በሽታ ጨመሩበት። ሌላውን ግን ማንም አልሰጠውም። ልጅ ከአባቱ ጋር ቆሞ ሌላ ሰው የአባቱን አጋዘን ሲያደንቅ የሚሰማበት ቦታ ነበር። ለብቻው የሚያድን ሽማግሌ «ዘንድሮም መጣህ?» የሚባልበት። ካልመጣም «እገሌ ምን ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቅበት። አዳኝና መንግሥት በዓመት አንዴ ፊት ለፊት የሚተያዩበት። ይህ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ ሲቀር ወደ ማንም አይተላለፍም። መቁጠር ወደ ስልክ ሄደ። በሽታ ወደ ሣጥን ሄደ። «እገሌ ምን ሆነ?» ወዴት ሄደ?

*

ይህን ስጽፍ ስለ ራሴ ሥራ ሳላስብ አልቀረሁም። በፊት የካርድ ቀን ወላጅ ራሱ ይመጣ ነበር። አንድ ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ አያቷ መጡ። ካርዱን ሰጠኋቸው፣ ገልብጠው ያዙት። ማንበብ እንደማይችሉ ያኔ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ቤት የላክሁትን ደብዳቤ ሁሉ ልጅቷ ራሷ ታነብ፣ ራሷ ትፈርም ነበር። ከእሳቸው ሌላ ሰው እንደሌላትም ያኔ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ነገሮችን በሌላ መንገድ ያዝኩ።

ዘንድሮ ውጤት ለወላጅ በስልክ መልእክት ነው የሚደርሰው። ፈጣን ነው፣ ካርድ አይጠፋም፣ ወላጅ ከሥራ አይቀርም። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ወደ ድሮው እንመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ያቺን አያት በመልእክት አላያቸውም ነበር። ስለዚህ ቢያንስ የክፍሌን ልጆች ወላጆች በሴሚስተር አንዴ በአካል ለማግኘት ወስኛለሁ። ሚዙሪ እንዳደረገችው፣ ስልኩ ይቆይ፣ ቅዳሜዋን እጨምራለሁ።

ለዊስኮንሲኑ ልጄም እንዲህ ብዬ መለስኩለት። «ሰውዬው ያለቀሱት ለሚዛኑ አይመስለኝም። ኅዳር ሲመጣ እንደገና ከገቡ ቡናውን ስጣቸውና 'ዘንድሮ ስንት አገኙ?' በላቸው። ጣቢያው ባይኖርም አንተ አለህ» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ ቲቸር፣ ይኼ የቤት ሥራ ነው?» አለኝ። አዎ፣ የቤት ሥራ ነው።

እናንተስ? በሥራ ቦታችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሳይታወቅ አብሮ የቀረ ነገር አለ? ባንክ፣ ቀበሌ፣ ሆስፒታል፣ ዕቁብ… ከሥር ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ እጅ ማውጣት አይጠበቅባችሁም።

መልካም ሳምንት።